ሰባት ቤት የተቆጠረበት ወረቀት

«አፍሽ ነው ያስገባሽ፤ አፍሽ ያውጣሽ» አለኝ መርማሪው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

እውነቱን ነው። የቢቸና ነዋሪ አዳራሽ ተጠርቶ ስለ ሰላም ሲነገረን ውሎ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው» ተባለ። ጥያቄ ነበረኝ። አባቴ ትንፋሽ አጥሮት ሲያጣጥር አምቡላንስ ፍለጋ ሮጬ «ለሌላ ሥራ ወጥቷል» ተብዬ ነበር። ተነሣሁና «አምቡላንሱ የማንን በሽተኛ ሊያመላልስ ሄዶ ነው አባቴ የሞተው?» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። በነጋታው ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ መጥተው ወሰዱኝ።

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጥጋጥጉ ሁሉ የጤፍ ብናኝ ነው፤ በተጠረገ ቁጥር እናስላለን። መስኮቱ ከቁመቴ በላይ ነው። በገበያ ቀን የከብት ጩኸትና የባጃጅ ጥሩምባ በእሱ በኩል ይገባል፤ ሌላ የሚገባ ነገር የለም። ቀድመውኝ የገቡት አንዲት ጠላ ሻጭ ናቸው። ጥፋታቸው ለታጣቂዎች ጠላ መሸጥ ነው። «ምን ላድርግ፣ እኔ ጠጪን መታወቂያ አልጠይቅ!» ይላሉ።

በአራተኛው ቀን ሌላ ሴት አስገቡ። ዕድሜዋ አርባ ግድም ነው፤ የመነጽሯ አንዱ ክንድ ተሰብሮ በክር ታስሯል።

«ዶክተር ነኝ» አለች።

ጠላ ሻጯ ደስ አላቸው። «ጎሽ! ወገቤን እይልኝ።»

«አላክምም እኮ እናቴ። ተመራማሪ ነኝ።»

«እንግዲያ ምኑን ዶክተር ሆንሽው?»

እኔ «እርስዎ» ብዬ ላናግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። «አንቺ በይኝ። ባንድ ባልዲ እየተጠቀምን ምን እርስዎ አለ?»

ሞጣ ነው የተወለደችው። የምታጠናው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ነው። እዚያው ሞጣ አካባቢ አንድ ቤተ ዘመድ አግኝታ ደም ወስዳ ስትመለስ ጉንደ ወይን ኬላ ላይ ቦርሳዋ ተፈተሸ። ያስያዛት አንድ ትልቅ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ብናኙ ላይ በጣቷ ሣለችልን። ካሬ ወንድ ነው፤ ክብ ሴት። የታመመው ይጠቁራል፤ የሞተው በሰያፍ ይሰረዛል። መስመሩ ማን ማንን እንደወለደ ያሳያል።

«ክብ ሴት ከሆነች እኔን ሰፋ አድርገሽ ሣይኝ» አሉ ጠላ ሻጯ።

ዶክተሯ ሳቀች። «ሌላ አገር ዘር ስጠይቅ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ያቆሙልኛል። የእኛ ሽማግሌ ግን ለጋብቻ እንደሚቆጥር እስከ ሰባት ቤት ሳያደርስ መች ያቆማል! እኔም ሰባቱንም ረድፍ ሣልኩ።»

መርማሪው ሰባቱን ረድፍ አይቶ «ሰባት እርከን ያለው መዋቅር» ብሎ ጻፈ። ጥቁሮቹ አመራር፣ የተሰረዙት በውጊያ የሞቱ ሆኑ። ስም የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። እሱን የከነከነውም ይኸው ነው። «ንጹሕ ነገር ከሆነ ስሙ ለምን ይደበቃል? አንድ ቤት ብቻ ንገሪኝ፤ ሰው ልኬ ላጣራ፤ እውነትሽን ከሆነ ወረቀትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አላት። አልነገረችውም።

«ብትነግሪው ምን አለበት?» አልኳት። «በሽታ ወንጀል አይደለም።»

«ፖሊስ ደጃቸው ቆሞ ‹የሳል ዘር ያለበት ቤት ይሄ ነው ወይ?› ቢል ልጆቻቸውን ማን ያገባቸዋል? ደማቸውን የሰጡኝ ስማችሁ ከአፌ አይወጣም ስላልኳቸው ነው። አንዷ ልጅ እኮ ታጭታለች፣ እነ...» ብላ የቤቱን ስም ጠራች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሁላችንም ሰምተናል። ጠላ ሻጯ ነጠላቸውን ተከናንበው «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጆሮዬ አይሰማም» አሉ።

በማግስቱ ፌስታል በውኃ አርጥባ አሳየችኝ። ሁለቱ ጎኖቹ ተጣብቀው ብነፋው ብነፋው አልከፈት አለኝ። ውስጡን በሳሙና አሸችና መልሳ ሰጠችኝ፤ ተከፈተ።

«ሳንባ ውስጥ እንዲህ ያሉ ደቃቅ ከረጢቶች አሉ። እንዳይጣበቁ የሚያደርግ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ሰውነታችን ይሠራል፤ ከሚሠራበት አንዱ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ክር በይው፤ በልኩ ሲታጠፍ ነው ሥራውን የሚሠራው። ክሩ በሚሠራበት ትእዛዝ አንዲት ቦታ ላይ ስሕተት ካለች አጣጠፉ ይበላሻል። የተበላሸው እዚያው ይከማችና ሳንባው ቀስ እያለ ጠባሳ ያወጣል፣ ይደርቃል። ያቺ ስሕተት ናት ለልጅ የምትተላለፈው። የት ቦታ እንዳለች ነው የምፈልገው።»

የአባቴን ነገር ነገርኳት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሷል፤ ምንም አላደረገለትም። አያቴም እንዲሁ ሲያስል ሞተ። አክስቴም።

«የጣቶቹ ጫፍ አብጦ ነበር? ጥፍሩስ?»

በመጨረሻው ዓመት ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ። እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎብጦ ምላጩ አልይዝ ይለኝ ነበር።

«ይሆን ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ሳልመረምር አልልሽም» አለች።

ሁለታችንም ከወጣን በኋላ ሞጣ ድረስ ሄጄ ደሜን ሰጥቻታለሁ። ውጤቱ ገና ነው። «አትፈሪም?» ይሉኛል። እፈራለሁ እንጂ። ዛሬም ጥፍሬን ስቆርጥ ጣቴን ወደ ብርሃን አዙሬ ጎኑን አያለሁ። ያቺ መጋዘን ግን አንድ ነገር አስተምራኛለች፤ አባቴ የሞተው ሰዎች እንደሚያወሩት በእርግማን አይደለም።

ገና እዚያው ሳለን አንድ ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አቀረበልኝ፤ ነገር እንዳለው ያኔ ገባኝ።

«ከዶክተሯ ጋር ውለሽ ታድሪያለሽ። አንድ ቤት፣ አንድ ስም አምጪልኝ። ዛሬውኑ እናትሽ ጋ ትገቢያለሽ። እስከ ከሰዓት አስቢበት።»

ተመልሼ ያለኝን ለሁለቱም ነገርኳቸው፤ መደበቅ አልችልበትም። ጠላ ሻጯ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ ቆየች። አትንገሪው አላለችኝም። ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር።

እናቴ አባቴን ከቀበረች ገና መንፈቅ አልሞላትም፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነች። ያ ስም አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ሆነብኝ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። በመስኮቱ በሚገባው የበሬዎች ጩኸት ላይ ሳይቀር ተናደድኩ። ከሰዓት ሲመጡ ሄድኩ።

«እሺ፣ ስም ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ሰጠኝ። ከላይ ጀምሬ ሣልኩ። አባቴ ለጋብቻዬ ቀን ብሎ በልጅነቴ ያስጠናኝን አያት ቅድመ አያቶቼን አንድ በአንድ ካሬ አደረግኩና ስም ጻፍኩባቸው። አያቴን አጠቆርኩ፣ ሰረዝኩ። አክስቴን አጠቆርኩ፣ ሰረዝኩ። አባቴ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።

መርማሪው አጎንብሶ አነበበ። «ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእኔ።»

«እኔ የሷን ነው የጠየቅሁሽ!»

«አንድ ቤት ነው ያሉኝ። ሰው ይላኩና ያጣሩ። ሩቅ አይደለም፤ የአባቴ ሳል እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። የሷም ወረቀት ይኸው ነው፤ የሰው ቤት ስለሆነ ስሙን ተወችው።»

በጣቱ ረድፎቹን መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ቆመ። የዶክተሯን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ከእኔው ጎን ዘረጋና እንደገና ቆጠረ።

«ሰባት ቤት ነው እንዴ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እርስዎስ ሚስት ሲያገቡ ስንት ቆጠሩ?»

ከታች በኩል ያለችውን ባዶ ክብ ነካት። «ይቺስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አላጠቆርሻትም?»

«ገና አልታወቀም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ይገባል። ሰው ያየዋል። ማን ያገባሻል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

«ዛሬ ቤትሽ አትገቢም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩ። ነፋስ እንዳይወስዳቸው ሁለቱ ወረቀቶች ላይ አስቀመጥኩትና ጠባቂው ሳይጠራኝ ቀድሜው ወደ መጋዘኑ አመራሁ።