የታሰረው ክሬን

ሠላሳ አንድ ዓመት የወደቡን ክሬን ስለነዱ ሰው ሁሉ ጋሽ ክሬን ይላቸዋል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የጡረታ ቢሮ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ ተሳስቷል።

ወደቡ ተዘጋ። መጋዘኖቹ ፈረሱ፣ ሐዲዱ ተነቃቀለ፣ በቦታው መስታወት የለበሱ ፎቆች በቀሉ። ክሬናቸውን ግን "ለመታሰቢያ" ብለው ተዉት። ሰው ተባርሮ ብረት ይታሰባል! ብርቱካንማ ቀለም ቀቡት፣ አምፖል አንጠለጠሉበት፣ ከሥሩ ካፌ ከፈቱ። የካፌውን ወለል የምትወለውለው የጋሽ ክሬን ብቸኛ ልጅ ናት።

አንድ ቀን ልጃቸውን ሊያዩ ሄደው ቀና ቢሉ ደማቸው ፈላ። የክሬኑን ክንድ ወደ ውኃው እንዳየ በይደውታል።

የክሬን ሰው ሥራ ጨርሶ ከመውረዱ በፊት የመዞሪያውን ፍሬን ይለቃል። ክንዱ ንፋሱ ወደ ገፋው እንዲዞር ነው፤ ታስሮ ከቆመ ግን ኃይለኛ ንፋስ ጎኑን አግኝቶ ይጥለዋል። ጋሽ ክሬን ጀማሪ ሳሉ አንዴ ይህን ረስተው፣ ከአውቶቡስ ወርደው በዝናብ እየሮጡ ተመልሰዋል።

"ማነው ያሰረው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ አባዬ? ወደ ውኃው ካላየ ፎቶ ላይ አያምርም አሉ መሰለኝ።"

"ፎቶ! አናትሽ ላይ ሲወድቅ ያነሱታላ!"

በቀጥታ ወደ ቦታው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገቡ። ልጅ እግር ነው፤ ውኃ አቀረበላቸው።

"አባባ፣ ትዝታዎ ይገባናል" አላቸው።

"ትዝታዬን ለራሴ ተወው፤ እኔ የማወራህ ስለ ብረት ነው!"

"መሐንዲሶች አይተውታል።"

"ንፋስ ባለበት ቀን አይተውታል?"

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለና፣ ለመታሰቢያው ምረቃ ቀን አድርገውት ፎቶ እንዲነሱ አዲስ የራስ ቁር ሰጣቸው። ሁለተኛም ሄዱ። በሦስተኛው ጥበቃው ከበር መለሳቸው። ዕድሜ ልካቸውን የገቡበት በር!

ረቡዕ ዕለት ሬዲዮው ለነገ ከባድ ንፋስ አለ ሲል ልጃቸውን ለመኗት።

"ነገ ቅሪ።"

"ከቀረሁ ያባርሩኛል፣ አባዬ። አንተ ደግሞ ነገር ስታጋንን!"

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ክሬን የድሮ ቱታቸውን ለበሱ፣ ያንን አዲስ የራስ ቁር ደፉ፣ ከጎረቤት ባለጋራዥ የብረት መቁረጫ ተዋሱ። ቱታ የለበሰን ሰው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ጥበቃው ራሱ የአጥሩን በር ከፈተላቸው። የበየደውን ሁሉ እየተራገሙ ክሬኑ ላይ ወጡ። አራተኛውንና የመጨረሻውን ብየዳ ሲቆርጡ ከታች ጩኸት ተነሣ።

ንፋሱ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ክንዱ አቃሰተ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ካፌ የተቀመጠው ሁሉ ትርኢት መስሎት እያጨበጨበ በስልኩ ቀረጸ። እሳቸውን ግን ሲወርዱ ፖሊስ እጃቸውን በካቴና አስሮ ወሰዳቸው። ክሱ ቅርስ ማበላሸት ነው።

በማግሥቱ ልጃቸው ልትጠይቃቸው ጣቢያ መጣች።

"ክሬኑስ?" አሏት ገና ሳትቀመጥ።

"ንፋሱ ሲያባራ ሠራተኞች መጡ። ወደ ውኃው መልሰው በየዱት።"

ጋሽ ክሬን ጠረጴዛውን በጡጫ ነረቱት። "ደንቆሮ ሁሉ! አንቺስ አሁንም እዚያ ሥር ልትወለውዪ ነው?"

"የለም" አለች። የቀላ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። "ሲዞር ከሥሩ ቆሜ ድምፁን ሰማሁት፣ አባዬ። የካፌውን ቁልፍ መልሼላቸው ነው የመጣሁት።"