የአላምረው ቢላዋ

አላምረው የመካነ ብርሃን ሰው ነው። ራሱን «የንብ አባት» እያለ ይጠራል። እንዲህ ያለ አባት ለጠላትም አይስጥ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በጃናሞራ አደይ ሲፈነዳ፣ ንቦቹ ወርቁን በእግራቸው ጭነው እያዜሙ ሲገቡ እኔ ቆሜ እንባዬ ይመጣ ነበር። እሱ ቆሞ ቢላዋውን ይስል ነበር። ጥቅምት ሲገባ ንቦቹን በኩበት ጭስ አፍኖ ማሩን ከነእጩ፣ ከነሰፈፉ ልጦ ያወጣል። ለክረምታቸው አንዲት ጣት አይተውላቸውም። ከዚያ ጎንደር ወርዶ ፒያሳ ጠጅ ቤት ደረቱን ይነፋል።

ቀፎዎቹ ተራ በተራ ዝም ይሉ ጀመር። ሌላ ሰው ምነው ብሎ ቀፎውን ይመረምራል፤ አላምረው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት ሚስቱን ታየችን መረመረ። ንብ ጠብ ካለበት ቤት አታድርም ይባላል በአገራችን። ይህችን ይዞ፣ ታየች ገፊ ናት፣ እሷ ከገባች ወዲህ ንቤ ሸሸ እያለ አስወራ። ጠቡንስ ማን ያነሳው ነበር? ጎረቤት የሚሰማው የእሱን ጩኸት ብቻ ነው። ገፊ የተባለች ሴት ደግሞ የአባቷ ደጅም ይጠብባታል፤ ዳግም የሚያገባት፣ እሳት የሚያጭራት አይገኝም።

ሊፈታት ሽማግሌው አያ ክንዱ ፊት አቆማት። ታየች የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀፎ የሷ ይሁን፣ እስከ መስከረም የማንም ቢላዋ አይንካው። ባዶ ከተገኘ የገፊነቱን ስም ተሸክማ ትወጣለች። አላምረው እየሳቀ መናኛውን መረጠላት።

ታየች ማሩን ለባለቤቶቹ፣ ለንቦቹ ተወችው። በሐምሌ ዝናብ ቀፎውን ሣር አለበሰችው፣ ለጉንዳን አመድ ነሰነሰች፣ በሶ በማር ለውሳ ደጃቸው ላይ አኖረች። ባሏ፣ ሚስቴ ንብ ታጠባለች እያለ ጠጅ ቤት ተዘባበተባት።

መስከረም ሲጠባ አያ ክንዱ መጥተው የአላምረውን ቀፎ አስከፈቱ። አንዲትም ንብ አልሸሸችም። ሁሉም የማር እንጀራው ላይ ነበሩ፤ ራሳቸውን በየባዶው ጉድጓድ ቀብረው፣ ጅራታቸው ብቻ ወደ ውጭ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲፈልጉ ደርቀዋል።

«አያ ክንዱ፣ ጠብ የሸሸ ንብ ክንፍ አለው፤ ይሄዳል» አለች ታየች። «እነዚህ የት ሄዱ?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ቀፎ ጠጋ አሉና ጆሯቸውን ጣሉ። ውስጡ እንደ ማኅሌት ያዜማል። አላምረውም አዳመጠ። ከዚያ ያደረገውን ስነግራችሁ እናንተ ታፍሩለታላችሁ፤ ቢላዋውን መዘዘ።

«ሸጋ ነው። ሞልቷል፣ እንቁረጠው» አለ።

አያ ክንዱ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበሉ። «ገፊስ ተገኘ» አሉ።

አመሻሽ ላይ ንቦቹ ሲከቱ ታየች ቀፎዋን አዝላ ወደ አባቷ አገር ሄደች። ደጁ ሰፍቶ ጠበቃት። እኔም ከኋላዋ ስለ ንቧም ስለ እሷም እንዲህ አንጎራጎርኩ፦

ለክረምት ነበረ ያኖረችው ማሯ፣
በቢላ ተቆርጦ ፈረሰ ትዳሯ።

አላምረው ዛሬም ፒያሳ ተቀምጦ፣ ብርሌውን ከፍ አድርጎ፣ ንብ ጠብ አትወድም እያለ ይመክራል። የሚጠጣው ጠጅ ታየች ከአባቷ አገር እያመጣች በምትሸጠው ማር የተጣለ ነው። ጠጅ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን ጥሞት ይልሳል።