በካርድ የተገዛ ዝክር

ይህ የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ እዚሁ ዘ ሄግ ውስጥ ነው። እስካሁን ከውስጤ አልወጣ ያለኝ፣ ይህን ያደረገችው ሴትዮ ዛሬም በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቴ ስለምትቆም ነው።

እትዬ አስካለ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው የድሃ ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ወገባቸው አልሆን ሲላቸው ከሥራ ወጡ። ማዘጋጃ ቤቱም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን፣ አትክልት የሚገዙበት ብርቱካናማ ካርድ ሰጣቸው። ካርዱ ታዲያ የሚሠራው ሰፈራችን ባለው ርካሽ ገበያ አይደለም። ሁለት ትራም ተቀይሮ በሚደረስበት፣ ሀብታሞች ጭቃው ያልታጠበ ካሮት በእጥፍ ዋጋ እየገዙ ጤነኛ ነን በሚሉበት የገበሬዎች ገበያ ነው። ድሃን ጎመን ለመግዛት የሀብታም ሰፈር ድረስ ማመላለስ የማን ሐሳብ እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተረኛ እትዬ ነበሩ። «ይሄ ካርድ ባይኖር በምን እዘክር ነበር?» እያሉ ደስ ብሏቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጎመኑንና ድንቹን ልሸከምላቸው አብሬያቸው ሄድኩ።

ሻጩ ካርዱን ከፍ አድርጎ «ይሄ ይሠራል እንዴ?» ብሎ ለባልደረባው እየጮኸ ሲያሳይ፣ ከኋላችን ሰብለ ቆማለች። ሰብለ የማኅበራችን አባል ናት። ዞተርሜር የሚባል ከተማ ቢሮ ትሠራለች፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች።

«ሰብልዬ! የኔ ልጅ!» ብለው እትዬ ሊስሟት እጃቸውን ዘረጉ።

ሰብለ ካርዱን አየች። እኛንም አየች። ከዚያ «ኹደ ሞርኸን፣ ሜቭራው» ብላ፣ እንደማታውቃቸው ሰው በሆላንድኛ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ» አለቻቸውና ቅርጫቷን አንጠልጥላ ሄደች። ልጇን አዝለው ያሳደጉላትን ሴትዮ!

ትራም ላይ እትዬ «ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ትሆናለች» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ዝክሬን የሚበላልኝ ካጣሁማ ማኅበሩን ብተወው ይሻላል» አሉ። ያቺን ሴት የናቅኋት ያኔ ነው።

እሑድ እትዬ ቤት ማኅበርተኛው ሁሉ በላ። ሰብለ ግን ሳህኑ ሲደርሳት «ጨጓራዬን አሞኛል» አለች። ወዲያው አጠገቧ ወዳለችው ዞር ብላ «በድሃ ካርድ ይዘከራል እንዴ?» አለቻት። ማንሾካሾኳ መሆኑ ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን። እትዬ የወጡን ድስት እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አለቀሱ ብዬ ብድግ አልኩ።

አላለቀሱም። ድስቱን አስቀመጡ፣ ጸሎቱ እንዳለቀም ጽዋውን አነሡ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ሰብለ ነበረች። ጽዋ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ጎንበስ ብላ ስትቀበል እትዬ ጉንጯን ሳሟትና ሁሉም እየሰማ፣

«ለተራሽ ማርያም በሰላም ታድርስሽ፣ ልጄ። ለጎመን መግዣ ካጠረሽ አትሳቀቂ፣ ካርዴን አውስሻለሁ» አሏት።

ሁለት እጇ ተይዟል፣ ምን ታድርግ? ቄሱ እንኳ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

እትዬ ይቅር ብለዋታል፤ ዛሬም ሰብልዬ ነው የሚሏት። እኔ የሳቸው ልብ የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ጎንበስ ብዬ «ኹደ ሞርኸን፣ ሜቭራው» እላታለሁ።