እልልታ የሚያበረክቱት ባልና ሚስት

ጣይባና ሙንዚር ለተማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡት ነገር እልልታ ነው። አብረዋቸው የተመረቁት ኮምፒውተር ያበረክታሉ፣ መጽሐፍ ይልካሉ፤ እሰየው። የእኛ ጎረቤቶች ግን በየዓመቱ በምርቃት ቀን የሰፈራችንን የደሴውን የቧንቧ ውሃ ቅሬ ሰብስበው ወደ ዩኒቨርሲቲው የኮምቦልቻ ግቢ ይወርዳሉ፤ ዘመድ ያልመጣለት ተመራቂ ስሙ ሲጠራ ዘመድ ይሆኑታል። ቅሬ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተረዳድቶ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ለለቅሶ የቆመውን ማኅበር ለእልልታ ያዋሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እኔ አባይነሽ ደግሞ በእልልታ የሚያህለኝ የለም፤ ካላመናችሁ ጎረቤት ጠይቁ።

ነገሩ የጀመረው በራሷ በጣይባ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ስትመረቅ አባቷ ታመው ከቆላ ማንም አልመጣላትም። ስሟ ሲጠራ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ብቻ አጨበጨበ፤ ከኋላዋ ተራውን የሚጠብቀው ሙንዚር። ያጨበጨበላትን አገባች። "ምን ላድርግ፣ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም" እያለች ታሾፍበታለች። እሱ ዛሬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ እሷ ደሴ ላይ የሥራ ልብስ ትሰፋለች። ልጅ አላህ ገና አልሰጣቸውም። ይህን ማንም አያነሳባቸውም፤ እኔም ያነሳሁት ለወጌ ስላስፈለገኝ ነው።

ትህትና በዚያው ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ አዋላጅ ነርስነት የምትማር የአርሲ ልጅ ናት። ነጭ ጋውን ልታሰፋ መጥታ ከጣይባ ጋር ተዋወቁና በዚያው ቤተኛ ሆነች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ምሳዋ እዚያ ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች፤ ያሳደገቻት አክስቷ አርጅታ መንገዱን አትችለውም። ዘንድሮ ምርቃቷ ሲቃረብ፣ "እትዬ ጣይባ፣ እኔ አልሄድም" አለች፤ "ስሜ ተጠርቶ ጭጭ ሲል መስማት አልፈልግም። ዲግሪዬን ሌላ ቀን ከቢሮ እወስዳለሁ።"

"ወላሂ ጭጭ አይልም!" አለቻት ጣይባ። "እኔ እያለሁ? አብሽሪ! አገር እስኪደነቁር እልል እንልልሻለን።"

ልጅቱም አመነቻትና እሄዳለሁ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አምባሻውን፣ አበባውንና ድቤውን ይዘን በሹፌሩ በአብዱልባሲጥ ሚኒባስ ተሳፈርን። መኪናው ሳይነሳ ድቤው ተመታ። የሀረጎን ቁልቁለት እየዘፈንን ወርደን ኮምቦልቻው ግቢ በር ላይ ስንደርስ ሙንዚር ጥበቃውን፣ "አዋላጅ ነርሶቹ በየት በኩል ናቸው?" አለው።

ሰውዬው ዓይን ዓይናችንን አየን። "እዚህ የምናስመርቀው መሐንዲስ ነው፣ ወንድሜ። የጤናዎቹ ደሴ ናቸው እኮ።"

ደሴ! ተነስተን የመጣንበት ከተማ! ትህትና የት እንደምትማር የማያውቅ ከመሀላችን አልነበረም። ግን ምርቃት ማለት ለእኛ ሀረጎን መውረድ ነው፤ ሹፌሩ ወዴት ብሎ አልጠየቀ፣ እኛም አልነገርነው።

"አንተ ነህ!" አለች ጣይባ ባሏን። "በየቀኑ እዚህ እየወረድክ መንገዱ ሱስ ሆነብህ!"

"ከሹፌሩ ጎን የተቀመጥሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የወረድነውን ዳገት መልሰን ተያያዝነው። ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይሄዳል፤ ማለፍ አይቻልም። ትህትና ስልኳን ዘግታለች። ድቤውን የሚነካው ጠፋ። ጣይባ መስኮቱን ተደግፋ፣ "ያ ረቢ፣ አልሄድም ያለችውን እኮ እኔ ነኝ ያስማማኋት" እያለች አለቀሰች። እኔ የተቻለኝ የአብዱልባሲጥን ጆሮ በጭቅጭቅ ማደንቆር ብቻ ነበር።

ስንደርስ የስም ጥሪው አልቆ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ትህትናን ያገኘናት የማናውቃቸው ሰዎች መሀል፣ አንገቷ ላይ አበባ ተደርጎላት ነው። ሰዎቹ ከገራዶ የራሳቸውን ልጅ ሊያስመርቁ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አንዲት እናት ለምን እንደመጣን ስነግራቸው፣ "ስሟ ተጠርቶ ጭጭ ሲል አንጀታችን አልቻለም" አሉኝ። "ልጃችን ነች ብለን እልል አልንላት።"

"ማሻ አላህ!" አለ ሙንዚር፣ ሚስቱን ሊያጽናና። "ሰው አላጣችም። ዋናው እሱ ነው።"

ጣይባ ደስ አላት፤ ደግሞም ቀናች። ሁለቱንም ፊቷ ላይ አይቻለሁ። ያመጣችውን አበባ ለእኔ አስይዛ፣ "ተዉአት፣ ደስታዋን አንረብሽባት" ብላ ወደ መኪናው ዞረች።

ያኔ ትህትና አየቻት። ሰዉን በክርኗ እየገፋች፣ ቆቧ ወድቆ ሳታነሳው መጣች። ያቺ ቀና ብላ የማትናገር ልጅ ዓይኗ ፍም መስሏል።

"የት ነበርሽ?" ብላ ጮኸችባት። "ስሜን ሲጠሩ እኔ አንቺን ነበር የምፈልገው! እናት ልጇ ስትመረቅ ታረፍዳለች?"

ሙንዚር መንገድ መሳሳታችንን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። ጣይባ ልጅቷን ከነጋውኗ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

"ተቆጪኝ ልጄ" አለቻት። "ደግመሽ ተቆጪኝ።"