እቶኑ የጠፋበት ሳምንት

የጠርሙስ ፋብሪካው ሰዎች «ጋሽ እቶን» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እሳት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባል? የመስታወት እቶን እንደ ቤት ምድጃ ሲፈልጉ የሚያጠፉት፣ ሲፈልጉ የሚለኩሱት አይደለም። ሆዱ ውስጥ ያለው የቀለጠ መስታወት ከረጋ ጡቡን ይሰነጥቀዋል፤ በቃ፣ አለቀለት። ሰውየው የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ እቶኑ ዘንድ ነበር፤ እናቱን ቀብሮ በቀጥታ የሄደውም እዚያው ነው። ጠዋት ቤት ሲገባ ሚስቱ «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለዋለች። «ሞቅ ብሏታል» ይላል እሱ። «እኔንማ ማን ሊያሞቀኝ!» ብላ ትስቅና ቁርሱን ታቀርባለች።

ኋላ አዲስ መመሪያ ወጣ። የውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ የሚሰጠው ዕቃቸውን ወደ ውጭ ለሚልኩ ፋብሪካዎች ነው ተባለ። መቼም ወረቀት ላይ ሲያነቡት ያምራል። ይህ ጠርሙስ ግን ወደ ውጭ አይላክም፤ እዚሁ ሕዝቡ የሚጠጣበት ነው። የእቶኑ ነዳጅ ደግሞ የሚገዛው ከውጭ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ከወረፋው ጭራ ተሰለፈ። ባዶ ጠርሙስ ከባሕር ማዶ ለሚያስገቡት ነጋዴዎች ግን ምንዛሪው ተገኘ። ጉድ እኮ ነው!

የነዳጁ ታንከር እየጎደለ ሄደ። የስምንት ቀን ነዳጅ ሲቀር መስታወቱን በታች በኩል አፍስሰው፣ እሳቱን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማብረድ ያስፈልጋል። እንደዚያ የበረደ እቶን ሌላ ጊዜ ይለኮሳል። ይህን ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነበር።

ልክ ስምንት ቀን ሲቀር ሥራ አስኪያጁ የምንዛሪ ፈቃድ ከሚሰጠው መስሪያ ቤት ደጃፍ ደወለ።

«ጋሼ፣ ፈቃዱ ተፈርሟል አሉኝ። ነዳጁ ነገ ይጫናል። እናፍስሰው ወይስ እንጠብቅ? አንተ የምታውቀው ነው።»

ጋሽ እቶን በመስኮቱ አሻግሮ ተመለከተ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የክር ፋብሪካ «ለጊዜው» ተብሎ ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግቢውን ሣር ውጦታል። በዚህ በኩል ጠርሙስ መራጮቹ ሴቶች እየተሳሳቁ ምሳ ሊበሉ ይወጣሉ። እነዚህን ወደ ቤት ሊሰድ? አንጀቱ አልችል አለ።

«አንድ ቀን እንጠብቅ» አለ።

አንድ ቀኑ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በደወለ ቁጥር «ነገ ነው» ይላል፤ ምስኪን፣ እሱም የነገሩትን ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲያ መስታወቱን ቢያፈስሱትም ማብረጃ የሚሆን ነዳጅ አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበልባሉ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። በማግስቱ ጡቡ መሰንጠቅ ሲጀምር ድምፁ ግቢው በር ድረስ ተሰማ፤ ከመራጮቹ አንዷ እሪ አለች።

ነዳጅ የጫነው ቦቴ ከሦስት ቀን በኋላ ከች አለ። ፈቃዱ እውነትም ተፈርሞ ኖሯል፤ ማህተም ያዡ ስልጠና ሄዶ ነው የዘገየው። ሾፌሩ ደስ ብሎት ወረደና «ጋሼ፣ የት ላራግፍ?» አለ። ጋሽ እቶን የታንከሩን አፍ አሳየው፤ ተራግፎ እስኪያልቅም አጠገቡ ቆመ።

ማንም አልወቀሰውም። ይህ ነው የባሰበት። የተሰናበቱት ሴቶች እንኳ «አንተ ምን ታደርግ፣ የበላይ አካል ሥራ ነው» እያሉ አቅፈውት አለቀሱ። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ እህል አልቀምስ አለ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

«ተው እንጂ የኔ ጌታ፤ ጥፋቱ የፈራሚዎቹ ነው።»

«እነሱማ እቶን አያውቁም» አላት። «የማውቀው እኔ ነኝ።»