ሦስተኛው ጥሪ

ጎንደር ውስጥ ከምሠራበት ጎሚስታ ቀጥሎ አንድ እንጨት ቤት አለ። መብራት ሲጠፋ አናጢው ማሽኑን ትቶ የእጅ መጋዝ ያነሣል፤ ያ ድምፅ ኽርር፣ ኽርር እያለ የቆርቆሮውን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ፣ የያዝኩትን ጎማ መሬት አስቀምጬ አዳምጣለሁ። «ምን ሆንክ?» ይሉኛል አብረውኝ የሚሠሩት። «ምንም» እላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ማሩ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ይህን ድምፅ መጀመሪያ ያሰማኝ እሱ ነው፤ ያኔ ግን መጋዝ አልነበረም።

ያደግነው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። የአባታችን የድንችና የገብስ ማሳ ከጽድና ከኮሶ ጫካ ጋር ይዋሰን ስለነበር፣ ሌሊት ካልተጠበቀ ጃርት ድንቹን ከሥሩ እየማሰ ይጨርሰው ነበር። አባታችን አስም ስለነበረበት ብርዱን አልቻለውም፣ ጥበቃውም ለማሩ ደረሰ። እሱ ዐሥራ ስድስት፣ እኔ ዐሥር ዓመታችን ነበር። እኔን የሚወስደኝ ለጥበቃ ሳይሆን ለወሬ ነው። ራታችንን በልተን፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ባትሪና አንድ ዱላ ይዘን፣ ጫካው ጥግ ወዳለችው የሣር ጎጆ ሄደን፣ እሳት አንድደን እናድር ነበር።

ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጫካው ወጥቶ ጎጆዋን ሲውጣት፣ ከእሳቱ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር፤ ዓለሙ ሁሉ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ማሩ ድንች ረመጥ ውስጥ ይቀብርና ጨዋታ ይጀምራል። የሰማነውን ድምፅ ካወቅሁት ድንቹ የእኔ፣ ካላወቅሁት የእሱ ነበር።

«ይሄስ?» ይለኛል።

«ውሻ ነው።»

«ጫካ ውስጥ ውሻ ማን አሰረልህ? ድኩላ ነው። ድንችህ ተበላች።»

አንድ ሌሊት ከገደሉ በኩል እንደታነቀ ሰው የሚጮኽ ነገር ሰማሁና ጋቢው ውስጥ ገብቼ «አያ፣ ሰው እያረዱ ነው!» አልኩት። ማሩ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ሽኮኮ ናት እኮ፣ ጥንቸል አታክልም። ይልቅ አንተ ስታለቅስ እንዲህ ነው የምትጮኸው፣ እናታችንን ጠይቃት።» አያ የምለው አስገድዶኝ ነበር። «አያ ካላልከኝ በደጁ በኩል አስተኛሃለሁ፤ ጅብ መጀመሪያ የሚያገኘው አንተን ነው» ይለኝ ነበር።

መጋዙን የሰማሁት መስከረም ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ጨረቃ ወጥታ፣ ማሳው እንደ ቀን ይታይ ነበር። ከጫካው ውስጥ እንጨት የሚሰነጥቅ ያለ ይመስል ኽርር፣ ኽርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ ቀረብ ብሎ ተሰማ። «ምንድን ነው?» ብዬ በሹክሹክታ ስጠይቀው ማሩ አልሳቀም። እሳቱ ላይ እንጨት ጨምሮ «አናጢው ነው» አለኝ። ነብር ነበር። በእኛ ቤት የነብር ስም በጨለማ አይጠራም ነበርና ማሩ ይህን ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ በተሰማ ቁጥር «አናጢው ሥራ ገባ» እንባባላለን፣ እኔም ለመሳቅ እሞክራለሁ።

እናታችን ደግሞ የራሷ ሕግ ነበራት። ከቤት ስንወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ሌሊት ስማችሁን የጠራ ሁሉ ሰው አይደለም። ሁለቱን ዝም በሉ፣ በሦስተኛው አቤት በሉ። ሦስት የሥላሴ ነው፣ ክፉ ነገር አይደፍረውም» ትለን ነበር። ማሩ «እሺ» ብሎ ይስቃል። እኔ ግን እንደ ጸሎት ይዤው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል።

ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጨረቃ አልነበረችም። ጃርቱ ድንቹ ውስጥ ኮሽ ኮሽ ሲል፣ ማሩ «ጎጆዋን እንዳትለቅ» ብሎኝ ባትሪውንና ዱላውን ይዞ በገብሱ በኩል ወረደ። ኮሽታው እየራቀ ሄደ፣ የባትሪው ብርሃንም ጠፋ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ፣ ከጫካው በኩል «አበጀ!» የሚል ድምፅ መጣ። አበጀ እኔ ነኝ። ድምፁ የማሩን ይመስላል፣ ማሩ ግን የሄደው በሌላ በኩል ነበር። ዝም አልኩ። «አበጀ!» አለ ደግሞ፣ አሁን ቀጠን ብሎ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ሦስተኛው አልመጣም። ድኩላ ጮኸ፣ ጉጉት ጮኸ፣ ራቅ ብሎ ጅብ ጮኸ፣ ሁሉንም ለየኋቸው። የወንድሜን ድምፅ ብቻ አልለየሁትም።

ሲነጋ ከጫካው ሥር ካለው ፈፋ ውስጥ አገኘሁት። ጃርቱን ሲከተል ማሳውን ዞሮ መጥቶ ወድቆ ነበር። እግሩ ተሰብሮ፣ ልብሱን ጤዛ አርሶት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ቁጭ ብሏል። አየኝና «ድንቹስ ተረፈ?» አለኝ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ሲያወጡት አባታችን ወደ እኔ ዞሮ «ምነው አልሰማኸውም?» ብሎ ጮኸብኝ። ማሩ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ «አባባ፣ ልጁን ይተዉት፤ ተኝቶ ነበር» አለ። እኔም «ተኝቼ ነበር» አልኩ።

ወጌሻ አሽቶ አሰረው፣ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። በጋውን ሁሉ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ እኩዮቹ ገብስ ሲወቁ እያየ ከረመ። በሚቀጥለው ክረምት እሱ እያነከሰ ወደ ጎጆዋ ተመለስን፣ ድንቹንም እንደ ድሮው ረመጥ ውስጥ ቀበረ፤ ግን «ይሄስ?» ሲለኝ አላውቅም እላለሁ፣ የማውቀውንም ቢሆን። ድንቹን እንዲበላው ነበር። ቀን ሲጠራኝ ግን ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ ሮጬ እደርስ ነበር። ስለዚያች ሌሊት አንድም ቀን አላነሣንም፤ እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ጎንደር ስመጣም ይህን እንደያዝኩ መጣሁ።

ባለፈው ዓመት ጉበቱን ታመመና ጎንደር ሆስፒታል አመጡት። ሌሊት ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ አስታምመው ነበር። እንቅልፍ አልነበረውም። አንድ ሌሊት በኮሪደሩ የሆነ ነገር እየተንኳኳ ሲያልፍ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ «ይሄስ?» አለኝ።

«የአልጋ ጎማ ነው፣ አያ።»

«እኔ ጃርት መስሎኝ። እንግዲህ ከተሜ አንተ ነህ፣ ድንቹን ውሰድ።»

ሳቅሁ፣ ከሳቁም ለቅሶ መጣ። «አያ፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼህ ነበር» አልኩት።

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። ያልሰማኝ መሰለኝ።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሁለቴ ከጠራሁህ በኋላ ነው ነገሩ የታየኝ። ባትሪው ከእኔ ጋር ወድቆ ተሰብሯል፤ በጨለማ ድምፄን ተከትለህ ብትመጣ እላዬ ላይ ነበር የምትወድቀው። ሦስተኛውን ብጠራ ደግሞ እንደምትመጣ አውቃለሁ፣ የእናታችንን ቃል አትሽርም። እጅጌዬን ነክሼ ዝም አልኩ።»

ልናገር ስል «በቃ ተኛ፣ ነገ ሥራ አለብህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

አሁን እዚህ ሌሊቱ በድምፅ የተሞላ ነው፤ ባጃጁ፣ ውሻው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ድንች የሚያስይዘኝ ግን የለም። ከጎሚስታው በር ላይ በሌሊት ስሜን የሚጠራ ሲኖር በመጀመሪያው «አቤት» ብዬ እወጣለሁ፤ ሁልጊዜም ጎማው የፈነዳበት ሹፌር ነው። ያኔ ሁለት ጥሪ አንሶኝ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ዛሬ አንዱ ይበቃኝ ነበር።