በቀይ ክር የተሰቀለው ኮከብ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ከመስማታችሁ በፊት ግን ማን እንደሆንኩ እወቁ። በሰፈራችን ለገና ከላስቲክ ጌጥ መሥራት የጀመርኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደልም የለቀምኩት ከጋዜጣ ቁራጭ ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው «ጋሼ፣ የት ተማሩት?» ይሉኛል። ጭንቅላቴን አሳያቸዋለሁ።

አንድ ዓመት ለቤተ ክርስቲያኑ በር ትልቅ ኮከብ እሠራለሁ ብዬ በሰው ፊት ፎከርኩ። የሚሆን ቢጫ ላስቲክ ግን አጣሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ፀሐይ አንጥቶታል።

እኛ ሰፈር ውሃ የሚቀዳው በወረፋ ነው። ሰው ጀሪካኑን አሰልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። የተሰለፈ ጀሪካን አይነካም። የቦኖው ጠባቂ ጂግሶ እያንዳንዱን በምልክቱ ያውቃል፤ በእሱ ጊዜ አንድም ጠፍቶ አያውቅም። የእትዬ አልማዝን የዘይት ጀሪካን አየሁ፤ እንደ አደይ ቢጫ፣ መያዣው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። ጂግሶ ቧንቧ ሊያጠብቅ ዞር ሲል ወሰድኩት። ተሳሳትኩ አልልም። የማን እንደሆነ አውቄ ወሰድኩት፤ አውቄ ቆረጥኩት።

«አንተ ካልሸጥከው ክንፍ አውጥቶ በረረ?» ብላ እትዬ አልማዝ ጂግሶ ላይ ጮኸች። የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ የቦኖውን ቁልፍ ነጠቀው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌ የት ሄዶ ነበር? ስለ ራሴ ሲሆን መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?

ኮከቡን የሰቀልኩት በዚያው ቀይ ክር ነው። ማን ያስተውላል ብዬ ሁሉንም ናቅኩ። እትዬ አልማዝ ቀና ብላ አይታ «እጅዎ ይባረክ!» አለችኝ። ጂግሶ ጓዙን ይዞ ወደ አገሩ ወደ ቡሌ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ቆመ። ኮከቡን ብዙ አየው።

«ኮከቡ ያምራል፣ ጋሼ» አለኝ። «ክሩም ያምራል።»

ሌላ ሳይጨምር ሄደ። ሌባ የተባለን ሰው ማን ያምነዋል?

ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምረው ያ ኮከብ ነው፤ ዛሬም አልክድም። ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬም አላመካኝም። ይህን ጽሑፍ በስሜ ፈርሜ ቦኖው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የፈለገ ይሳቅ፣ የፈለገ ይትፋብኝ። ጂግሶ ንጹሕ ነው።

የእኔን ሥራ ደግሞ ቁጠሩልኝ፦ ከውሃ ሃይላንድ አበባ፣ ከሳሙና ዕቃ ደወል፣ ጪጩ ድረስ ለሠርግ የተወሰደ መጋረጃ በሙሉ ከጠርሙስ ክዳን፣ ከዘይት ጀሪካን ኮከብ፣ ከታማኝ ሰው ሌባ።

ማንም አላስተማረኝም። ሁሉንም በራሴ ቻልኩ።